ወፍራሙ እጥፋት

ኔሬይዳ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ በአፏ አልዞረም። አብረዋት የሚጓዙት የስፌት ቤቱ ሴቶች የሐብሐብ ጭማቂ እየተቀባበሉ ሲጠጡ እሷ «አልጠማኝም» እያለች ታሳልፋለች፤ ከንፈሯ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መንገደኛ ሲነሳ ስንቁን ያስባል፤ እሷ የምታስበው ሽንት ቤት ነበር። ወንድ ልጅ ተብላ ያደገችው ኔሬይዳ ሴትነቷን አደባባይ ካወጣች፣ የሴት ሆርሞን ኪኒን መዋጥና ቀሚስ መልበስ ከጀመረች ወዲህ፣ ከቤት በወጣች ቁጥር መጀመሪያ የምታሰላው ይህንኑ ነው። የት ሰልፍ አለ? የቱ በር ከውስጥ ይቆለፋል? በሩ ላይ ማን ይቀመጣል? ሌላው ሰው ሥራ ሲቀጠር ስለ ደመወዙ ይጠይቃል፤ እሷ ፑብላ ከተማ ያለውን የስፌት ሥራ እሺ ያለችው ሽንት ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ፣ ወንድ ሴት የማይል፣ ደህና መቀርቀሪያ ያለው ስለሆነ ነበር። ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል?

ጉዞው ወደ ኦአሃካ ከተማ ነው። የሥራ ባልደረባቸው ልታገባ ነውና ቬሎዋን ራሳቸው ሰፍተው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ በኔሬይዳ ጭን ላይ አስተኝተውታል። አደራው ለእሷ የተሰጠው ረጋ ያለች ናት ተብሎ ነው። ለእሷም ተመችቷታል፤ ቬሎ የታቀፈ ሰው ከወንበሩ ባይነሳ ማንም አይጠይቀውም። ምክንያት ያስፈለጋት ደግሞ አውቶቡሱ ቴዋካን ላይ ስለሚቆም ነበር። ቴዋካን የተወለደችበት ከተማ ነው። በዚያ መናኸሪያ ውስጥ፣ በወንዶችና በሴቶች ሽንት ቤት መካከል፣ ከትንሽ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ ሳንቲም እየተቀበለች ሶፍት የምታድለው ሴት ዶኛ ኤፒፋኒያ ትባላለች፤ ዶኛ እዚያ አገር እትዬ እንደ ማለት ነው። የኔሬይዳ እናት ናት።

የስፌት ቤቱ ሴቶች ግን የኔሬይዳ እናት እንደሞተች ነው የሚያውቁት።

ውሸቱ ታስቦበት የተነገረ አልነበረም። ሥራ በገባች ሰሞን የእናቶች ቀን ደረሰ። ሁሉም ለእናቱ አበባና ኬክ ሲያዝ፣ በስፌት ቤቱ በዕድሜም በድምፅም ሁሉን የምትበልጠው ግሪሴልዳ «አንቺስ ለእናትሽ ምን ገዛሽላት?» ብላ ጠየቀቻት። ኔሬይዳም «ሞታለች» አለች። እንዲሁ አመለጣት። ሴቶቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው አቀፏት፣ አለቀሱላት፣ የሟቿን ስም ጠይቀው ለነፍሷ አስቀደሱ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ሙታን ወደየቤታቸው ብቅ ይላሉ በሚባልበት ቀን፣ በስፌት ቤቱ ጥግ በብርቱካንማ አበባ ባስጌጡት ጠረጴዛ ላይ የዶኛ ኤፒፋኒያ ስም ያለበት ወረቀት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና የሙታን ዳቦ ተቀመጠ። ኔሬይዳ ራሷ ሻማውን ለኮሰች፤ በሕይወት ቁጭ ብላ ሶፍት ለምታጥፍ እናቷ። ለኩሳ ፊቷን ስታዞር ሴቶቹ ሐዘኑ ገና አልወጣላትም ብለው የባሰ አቀፏት። ውሸት እንዲህ ነው፤ በር ላይ አስቁመውት ገብቶ ወንበር ይጠይቃል።

ለነገሩ እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ኔሬይዳ ያደገችው በዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት መልስ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሶፍት ታጥፍ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የካርቶን ሳጥኖች አሉ፤ በአንዱ ለወንዶች የሚሰጠው ቀጭን እጥፋት፣ በሌላው ለሴቶች የሚሰጠው ወፍራም እጥፋት። ልዩነቱ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ዶኛ ኤፒፋኒያ «ወንድ ይቸኩላል፣ ሴት ታስባለች» ብላ ትመልሳለች። ኔሬይዳ የምትወደው የሴቶቹን ማጠፍ ነበር። አጥፋ ስትጨርስ ጫፉን እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። እናትየው ጊዜ ማባከን ነው ብላ ትስቅባታለች እንጂ አትቆጣም። የልጇ ነገር ለእናትየው የገባት ያኔ ይሁን ኋላ፣ እሱን አንድዬ ያውቃል።

ከቤት በወጣችበት ዕለት ፀጉሯ ገና ትከሻዋን አልነካም፤ የጺሟን ጥላ በዱቄት አጥፍታ የመጀመሪያ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። የፑብላው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ሽንቷ መጣና ወደ እናቷ ጠረጴዛ ሄደች። ከኋላዋ ሰልፍ አለ። ሾፌሮች ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። ዶኛ ኤፒፋኒያ ቀና ብላ አላየቻትም፤ እጇ ወደ ወንዶቹ ሳጥን ሄደ፣ ቀጭኑን እጥፋት አቀበላትና «በዚያ በኩል» አለች። ኔሬይዳ በዚያ በኩል ገባች። እዚያ ውስጥ ምን እንደተባለች፣ ማን ቀሚሷን በጣቱ ገለብ እንዳደረገው መዘርዘር አያስፈልግም። ሳትሸና ወጣች፤ አውቶቡሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ቀሚሷ ላይ አመለጣት። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ ሌላ ወንበር ፈለገ። እስከ ፑብላ ድረስ ያንን ቀጭን እጥፋት ጨብጣ፣ የራሷን ሽታ እየሸተተች ተቀመጠች። እናቷ የሞተችው ያን ዕለት ነው። ቢያንስ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ዕቅዷ ቀላል ነው፤ ውሃ አልጠጣም፣ ቴዋካን ላይ አልወርድም፣ መጋረጃውን ስቤ የተኛሁ እመስላለሁ። ዕቅዱ ሁሉ ደህና ነበር፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሆነና ግን ከቴዋካን ወዲህ ገበሬዎች የመስኖ ውሃ ተነፈግን ብለው መንገዱን በትራክተር ዘጉት። አውቶቡሱ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ዋለ። የስፌት ቤቱ ሴቶች ወርደው መንገድ ዳር ካለ ቁልቋል ሥር ቀሚሳቸውን ዘርግተው እየተጋረዱ በየተራ ሸኑ። «ነይ እንጋርድሽ» ብላ ግሪሴልዳ ከታች ተጣራች። ኔሬይዳ ቬሎውን አሳየቻትና ራሷን ነቀነቀች። ያ ሁሉ ሴት በዙሪያዋ ቆሞ፣ እሷ መሐል ቁጭ ብላ! ብትሞት ይሻላታል።

መንገዱ ተከፍቶ ቴዋካን ሲደርሱ ቀጥ ብላ መቀመጥ አቅቷት ነበር። በጥርሷ ትተነፍሳለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ነጩ ቬሎ ጭኗ ላይ መሆኑ ነው። ያ የፑብላ መንገድ ትዝ አላት። ዛሬ ቢያመልጣት የምታበላሸው የራሷን ቀሚስ ብቻ አይደለም።

ግሪሴልዳ አየቻት። «ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ አንቺ። ተነሽ።»

«ቬሎውስ?»

«ቬሎው አይሸናም» አለችና ከጭኗ አንስታ ለሌላዋ አስታቀፈቻት።

የስፌት ቤቱ ሴቶች ሽንት ቤት የሚሄዱት እንደ ማኅበር ነው፤ አንዷ ከተነሳች፣ ዛሬ ቬሎውን ካቀፈችው በቀር፣ ሁሉም ይነሳሉ። ክንዷን ግራና ቀኝ ይዘው፣ እየሳቁ፣ ስለ ሙሽራው አጭርነት እያወሩ ወሰዷት። ኔሬይዳ አንገቷን ደፍታ ከግሪሴልዳ ሰፊ ጀርባ ኋላ ተከለለች። መናኸሪያው ያው ነው፤ የበረኪናው ሽታ ያው፣ ጠረጴዛው ያው፣ ሁለቱ ሳጥኖች ያው ናቸው። የእናቷ ፀጉር ብቻ ነጥቷል።

ግሪሴልዳ የሁሉንም እኔ ነኝ የምከፍለው ብላ ሳንቲሙን አስቀመጠች። ዶኛ ኤፒፋኒያ ቀና ብሎ ማየት ዐመሏ አይደለም፤ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ስለምትቀመጥ ሰውን የምትለየው በጫማው ነው። አንድ ጥንድ ጫማ ይመጣል፣ እጇ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፣ እጥፋቱ ይወጣል። ወፍራም፣ ወፍራም፣ ወፍራም። ከዚያ የኔሬይዳ እግሮች ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ክፍት ጫማ ውስጥ የገቡ፣ ጥፍራቸው ሮዝ የተቀባ፣ ትላልቅ እግሮች።

የዶኛ ኤፒፋኒያ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ኔሬይዳ ያንን እጅ ታያለች። ወይ «በዚያ በኩል» ትላታለች፣ ወይ በድሮ ስሟ ትጠራታለች፤ ከሁለት አንዱ ነው፤ ያኔ ቬሎውም፣ ስፌት ቤቱም፣ የሚቆለፈው በርም ሁሉም አበቃ። እናቷ ግን ቀና ብላ አየቻት። ረጅም አስተያየት አልነበረም። ከዚያ እጇ ወደ ሴቶቹ ሳጥን ሄደና ወፍራሙን እጥፋት አቀበላት።

«ሦስተኛው በር ይቆለፋል፣ ልጄ» አለቻት በዝግታ፤ ልክ ለማንኛዋም መንገደኛ እንደሚባለው አድርጋ።

«እማዬ» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ጊዜ አትፈጅም። ግሪሴልዳ ግን አጠገቧ ናት፣ ውሸቱም አጠገቧ ነው። ኔሬይዳ እጥፋቱን ተቀብላ፣ «አመሰግናለሁ» እንኳ ሳትል፣ የእናቷን ነጭ ፀጉር አልፋ ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ሰው ፊት ካደችኝ ስትል ኖራ ዛሬ ተራው የእሷ ሆነ። እናቷ የካደቻት ሰልፉን ፈርታ ነው፤ እሷስ ምን ፈርታ ነው? 

ሦስተኛው በር በእርግጥም ተቆለፈ። የያዘችውን ሁሉ ስትለቅ ዕንባዋም አብሮ ወረደ። ከዚያ እጥፋቱን ልትፈታ ስትል ጣቷ ቆመ። ጫፉ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ወደ ውስጥ ገብቷል። እናቷ ጊዜ ማባከን ነው ትል የነበረች ሴት ናት። ኔሬይዳ እዚያው ቁጭ ብላ ያንን ኮሌታ አየችው። አሳፈራት፤ እንዲህ ያለ እፍረት በወንዶቹ በኩል እንኳ አልተሰማትም።

ከበሩ ውጭ ድምፅ የተሰማው ይሄኔ ነው። ልጇን እጇን ይዛ የተሰለፈች፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ አንዲት ሴት በበሩ ሥር የሚታየውን አይታ ኖሯል።

«እነዚህ የማን እግሮች ናቸው? ይሄ ወንድ ነው እኮ! ስሚ ሴትዮ፣ ነይ እስቲ፤ ሴቶች ጋ ወንድ አስገብተሽ ሳንቲም ትለቅሚያለሽ?»

ጩኸቱ ሰልፉን አናወጠው። አንዷ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች፤ ሌላዋ ጥበቃ ይጠራ አለች። ግሪሴልዳና ሌሎቹ የእጅ መታጠቢያው ጋ ነበሩ፤ የውሃው ድምፅ ቆመ። ኔሬይዳ እግሯን ወደ ላይ ሰበሰበች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከታየ በኋላ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬቱ ግን ሴራሚክ ነው። የወንበሩ መንፏቀቅ ተሰማ፣ ከዚያ የእናቷ የሸበጥ ድምፅ፣ ከዚያ የመወልወያው እንጨት ወለሉን ሲመታ።

«ምን ሆንሽ የኔ እመቤት?» አለች ዶኛ ኤፒፋኒያ።

«እዚያ ውስጥ ወንድ አለ።»

«እዚያ ውስጥ ያለችው ልጄ ናት።»

ከበሩ ጀርባ ኔሬይዳ እግሯን መልሳ ወለሉ ላይ አኖረች።

«እግሯን የወረሰችው ካባቷ ነው» ቀጠለች፤ ድምፅዋ አልተነሳም፣ አልወረደም። «ቅር ካለሽ መቃብሩ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ሄደሽ ንገሪው። እሱም በሕይወቱ የሴት ወቀሳ አይሰማም ነበር።»

ከሰልፉ መሐል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሌላዋም ተከተለች። ባለሽቶዋ ለኃላፊው እንደምትናገር ስትዝት ዶኛ ኤፒፋኒያ ቢሮው ከትኬት መስኮቱ ቀጥሎ እንደሆነ አመለከተቻት። ኃላፊው ሰበብ ፈላጊ ሰው እንደሆነ፣ እናቷን ነገ ከዚያ ወንበር ሊያስነሳት እንደሚችል ኔሬይዳ ታውቃለች። በሩን ከፍታ ከመውጣት በቀር የቀራት ነገር አልነበረም።

ስትወጣ ሁሉም እሷን ነበር የሚያየው፤ ግሪሴልዳ ብቻ ዶኛ ኤፒፋኒያን ታያለች። ከደረቷ ላይ የተለጠፈውን የስም ካርድ አነበበች፣ ሴትየዋን አየች፣ እንደገና ካርዱን አነበበች፣ በእርጥብ እጇ አማተበች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የግሪሴልዳ አፍ ደግሞ ድሮም ልጓም የለውም።

«ኔሬይዳ፣ እናትሽ ሞታለች ብለሽን አልነበር እንዴ? ለነፍሷ አስቀድሰን፣ ዳቦ አስቀምጠንላት...»

ዳቦ ስትል ድምፅዋ ከሰመ። ኔሬይዳ መታጠቢያውን ያዘች። እናቷ ስታያት አየች። ዶኛ ኤፒፋኒያ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ከባድ ዕቃ ድንገት እንዳሸከሟት ሰው መወልወያዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«የሞተችውማ የክርስትና እናቷ ናት» አለች። «እሷን ነው እናቴ የምትላት። ስማችንም አንድ ነበር።»

ግሪሴልዳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። «ነፍሷን ይማር! እኔማ የሞተ ሰው ያናገርኩ መስሎኝ።»

«ዳቦ አደረጋችሁላት?»

«አዎ እማማ። አሳምረን ነው ያደረግንላት።»

«ሰሊጥ ነበረበት?»

«የለም፣ ስኳር ነው።»

«ሰሊጥ ያለበትን ነበር የምትወደው» አለች ዶኛ ኤፒፋኒያ። «ግድ የለም። ስላሰባችኋት እግዜር ይስጥልኝ።»

ኔሬይዳ የክርስትና እናት አልነበራትም። ሰሊጥ የሚወደው ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ በልጅነቷ በየዓመቱ ከዳቦው ላይ የረገፈውን ሰሊጥ በምራቅ በረጠበ ጣቷ እየለቀመች የምትበላው እናቷ ነበረች። ልትናገር አፏን ከፈተች። የሾፌሩ ጡሩምባ ከውጭ ጮኸ፣ ሴቶቹ ክንዷን ያዙ፣ እሷም እንደያዙዋት ሄደች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ እናቷ ከሴቶቹ ሳጥን አንድ እጥፋት አንስታ በመዳፏ ውስጥ አስቀመጠችላት።

«ለመንገድ» አለቻት። «ከዚህ በኋላ ያሉት ሶፍት የላቸውም።»

«እማዬ» አለች ኔሬይዳ። በጣም ቀስ ብላ ነው፤ የሰማት የለም። ምናልባት እናቷም አልሰማችም፤ ሌላ ጥንድ ጫማ ጠረጴዛው ፊት ቆሞ ነበርና እጇ ወደ ሳጥኑ ሄዷል።

አውቶቡሱ ከከተማው ሲወጣ ግሪሴልዳ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፣ ክንዷንም ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ስትፈልግ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ትችላለች ለካ።

«ስለ እግርሽ እንደሆነ ስሚኝ። እኛ ከመጀመሪያው ቀን አይተነዋል፤ ጫማሽን አውልቀሽ አይደል እንዴ የስፌት መኪናውን የምትረግጪው? ማናችን ምን አልንሽ?»

 ያን ሁሉ ጊዜ በጥም የደረቀችበት፣ በየበሩ የተሳቀቀችበት ምስጢር ለካ ስፌት ቤቱ ውስጥ የታወቀ ነገር ነበር። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣላትም፤ እሱን ለመሸፈን የደራረበችው ውሸት ብቻ ነው የታያት።

«ለክርስትና እናትሽ ደግሞ» አለች ግሪሴልዳ፣ «ለዓመቱ ሰሊጥ ያለበት እንገዛላታለን።»

«አትግዙ።»

«ለምን?»

«የክርስትና እናት የለችኝም። ሰሊጥ የምትወደው ያቺው ናት።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ሞታለች ያልኳችሁ እሷን ነው። ዳቦውን እኔው በእጇ እወስድላታለሁ፤ ከተቀበለችኝ።»

 ግሪሴልዳ የራሷን እናት ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ባለፈው ጥቅምት በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሁለቱ እናቶች የዳቦ ሰሐኖች ጎን ለጎን ነበሩ። ከዚያ ክንዷን ከኔሬይዳ ትከሻ ላይ አነሳች፤ መልሳም አላኖረችውም።

ኔሬይዳ አልፈረደችባትም። ወፍራሙን እጥፋት በጭብጧ ይዛ፣ ዐይኗን መጥረግ እያስፈለጋት ሳትፈታው ኦአሃካ ደረሰች።